ከማውቀው ሰው የመጣው ፋይል

የቤታችን ኮምፒውተር በኢሜይል በመጣ ቫይረስ የተያዘው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ያስያዝኩትም እኔው ነኝ። ልጆቼ ጨዋታ ሲያወርዱ ወይም ባለቤቴ ያልታሰበ ሊንክ ስትጫን የደረሰ ቢሆን ኖሮ ለመቆጣት ይመቸኝ ነበር፤ እስከዚያ ዕለት ድረስ በቤቱ ውስጥ ስለ ኮምፒውተር ጥንቃቄ ሌላውን የምመክረው እኔ ነበርኩና። ምክሬም አንድ ብቻ ነበር፦ «ከማታውቁት ሰው የመጣ ፋይል አትክፈቱ።» ይህን ምክር ዛሬም ብዙ ሰው ሲሰጥ እሰማለሁ። ስሕተት ነው አልልም፤ ነገር ግን ግማሹ የጎደለው ምክር ነው። እኔን የጎዳኝም ያ የጎደለው ግማሽ ነው፤ ፋይሉ የመጣልኝ በደንብ ከማውቀው ሰው ነበር።

ከአንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ስለ አንድ ሪፖርት ለሦስት ሳምንታት ያህል በኢሜይል ስንጻጻፍ ቆይተናል። አንድ ምሽት በዚያው የደብዳቤ ልውውጥ ላይ ከእሱ መልስ መጣልኝ። የርእሱ መስመር ራሳችን የጻፍነው ነው፤ የላኪው ስም የእሱ ነው፤ ከመልእክቱ ሥርም እኔው ከቀናት በፊት የጻፍኳቸው ዐረፍተ ነገሮች ቃል በቃል ተያይዘው ይነበባሉ። አዲስ የተጨመረው «እባክህ የተያያዘውን ሰነድ ተመልከተው» የሚል አንድ መስመር፣ አንድ ዚፕ የሚባል የታሸገ ፋይልና የፋይሉ መክፈቻ የይለፍ ቃል ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስሠራ ውዬ ደክሞኝ ነበር፤ መልሱንም ስጠብቀው ስለቆየሁ የይለፍ ቃሉን አስገብቼ ዚፑን ፈታሁት። ውስጡ አንድ የዎርድ ሰነድ አለ። ስከፍተው ሪፖርቱ ሳይሆን አንድ ማስታወቂያ ታየኝ፤ ሰነዱ በሌላ የዎርድ ስሪት የተዘጋጀ ስለሆነ ይዘቱን ለማየት ከላይ በቢጫው መስመር ላይ ያለውን የመፍቀጃ ቁልፍ መጫን ያስፈልጋል ይላል። ተጫንኩት። ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ኮምፒውተሩን እንኳ ሳላጠፋ ተኛሁ።

አሁን መለስ ብዬ ሳየው መልእክቱ ራሱን ያጋለጠው በይለፍ ቃሉ ነው። ሰነዱ ምስጢር ከሆነ መክፈቻው በዚያው ደብዳቤ ላይ ለምን ይጻፋል? በር ቆልፎ ቁልፉን እዚያው በሩ ላይ አንጠልጥሎ እንደመሄድ ነው። መቆለፊያው የተሠራው እኔን ለመከልከል አልነበረም፤ የኢሜይል አገልግሎት ሰጪው አባሪ ፋይሎችን የሚመረምርበት ማጣሪያ ውስጡን ማየት እንዳይችል ነው። ማጣሪያው ብዙውን ጊዜ ቁልፉን አንብቦ ዚፑን አይከፍትም፣ ሰው ግን ይከፍታል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የተሠራጨው ቤግል የተባለው ዎርም፣ ማለትም ራሱን የሚያሠራጭ ተንኮለኛ ፕሮግራም፣ በዚሁ መንገድ ተጠቅሟል። ከዚያ ወዲህ የይለፍ ቃሉ በዚያው መልእክት የተጻፈበት ዚፕ ሲደርሰኝ፣ ላኪው ማንም ይሁን ማን፣ ሳልደውል አልነካውም።

በሰነዱ ላይ የታየኝ ማስታወቂያም ዎርድ ያወጣው አልነበረም፤ በገጹ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ነው። ቁልፉን በመጫን የፈቀድኩት ማክሮ እንዲሠራ ነበር። ማክሮ በሰነድ ውስጥ የሚቀመጥ አነስተኛ ፕሮግራም ሲሆን፣ በኤክሴል ተደጋጋሚ ስሌት ለሚሠራ ሰው ጥቅሙ ብዙ ነው፤ በተንኮለኛ እጅ ሲገባ ግን ዋናውን ቫይረስ ከኢንተርኔት አውርዶ የሚያስገባ በረኛ ይሆናል። በኋላ በተደረገው ምርመራ በእኔ ኮምፒውተር የገባው ኢሞቴት ከሚባለው ወገን መሆኑ ታወቀ። ኢሞቴት እ.ኤ.አ. በ2014 ብቅ ሲል የባንክ ምስጢሮችን የሚሰርቅ ፕሮግራም ነበር፤ በኋላ ግን ለሌሎች ቫይረሶች መንገድ የሚከፍት ሆነ። ልዩ ጠባዩም ከያዘው ኮምፒውተር ውስጥ እውነተኛ ደብዳቤዎችን ሰርቆ በእነዚያው ላይ መልስ መስሎ መጻፉ ነው። ስለዚህ የባልደረባዬ የደብዳቤ ሣጥን ከእኔ በፊት ተዘርፎ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 የበርካታ አገሮች ፖሊሶች ተባብረው ኢሞቴት የሚታዘዝባቸውን ሰርቨሮች ተቆጣጠሩ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ግን ተመልሶ መጣ።

ይህን ሳነብ ያሳፈረኝ የዘዴው እርጅና ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 1999 ሜሊሳ የተባለው ቫይረስ በዎርድ ማክሮ ውስጥ ተደብቆ አውትሉክ ከተባለው የኢሜይል ፕሮግራም የአድራሻ ዝርዝር ላይ ለመጀመሪያዎቹ 50 ሰዎች ራሱን ይልክ ነበር፤ ተቀባዩም ከሚያውቀው ሰው የመጣ ስለሚመስለው ይከፍተዋል። እኔ ከ21 ዓመታት በኋላ በዚያው ወጥመድ ገባሁ።

በማግሥቱ ጧት አክስቴ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ማታ የላክህልኝ ወረቀት አልከፈት አለኝ» አለችኝ። ምንም አልላክሁልሽም ብዬ የተላኩ መልእክቶች ማኅደሬን ከፈትኩ፤ ለእሷ የተላከ ምንም የለበትም። ስለዚህ አንድ አጭበርባሪ ስሜን ተጠቅሞ እንጂ ከእኔ የወጣ ነገር እንደሌለ ነግሬ አረጋጋኋት። እሷን አረጋግቼ ስልኩን ሳስቀምጥ የልጅነት ጓደኛዬ ደወለ፤ ከእሱም በኋላ ሌላ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት ነገር ስላለ ላብራራው። በኢሜይል ላይ የሚታየው የላኪ ስም በፖስታ ጀርባ ላይ እንደሚጻፍ ስም ነው፤ ማንም ሰው የፈለገውን ሊጽፍበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ክሌዝ የተባለው ዎርም በያዘው ኮምፒውተር ውስጥ ካገኛቸው አድራሻዎች አንዱን መርጦ የላኪው ስም አድርጎ ያስቀምጥ ስለነበር፣ ኮምፒውተራቸው ንጹሕ የሆነ ሰዎች «ቫይረስ ላክህብን» ተብለው ይወቀሱ ነበር። ስለዚህ በስምዎ መልእክት ወጣ ማለት ኮምፒውተርዎ ተይዟል ማለት ላይሆን ይችላል። በሌላ በኩል መልእክቱ በተላኩ መልእክቶች ማኅደር ውስጥ አለመታየቱም ነጻ አያወጣም፤ ቫይረሱ የእርስዎን የኢሜይል ፕሮግራም ሳይጠቀም በራሱ መንገድ መላክ ይችላልና። የሚለየው ነገር የመልእክቱ ይዘት ነው። በስምዎ የተላከው መልእክት ከእርስዎና ከተቀባዩ በቀር ማንም የማያውቀውን የቀድሞ ጽሑፋችሁን ይዞ ከሆነ፣ ከሁለታችሁ የአንዱ የደብዳቤ ሣጥን ተከፍቷል ማለት ነው። እኔ የልጅነት ጓደኛዬን የደረሰውን መልእክት ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ጠየቅኩት። ከሥሩ እኔ ለእሱ የጻፍኩት ደብዳቤ ነበር። ለሦስት ሰዎች ከሦስቱም ጋር የተጻጻፍኩት ጽሑፍ ሲደርስ ደግሞ የጋራው ነጥብ እኔ ብቻ ነኝ። ካለበት የተጋባበት የሚባለው በእኔ ደረሰ።

አክስቴን ያተረፋት ኮምፒውተሯ ላይ ዎርድ አለመጫኑ ነው፤ ፋይሉ አልከፈት ያላትም ለዚህ ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ቀናት ሦስት ስሕተቶች ሠራሁ። ጽሑፉን ለመጻፍ ያነሣሣኝም በዋነኛነት እነሱ ናቸው፤ ሰው ከተደናገጠ በኋላ የሚወስዳቸው እርምጃዎች ከመጀመሪያው ስሕተት ያልተናነሰ ጉዳት እንደሚያመጡ በራሴ አይቻለሁና።

የመጀመሪያው፣ የኢሜይሌን የይለፍ ቃል እዚያው በተያዘው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ መለወጤ ነው። ሌባው ሳሎን ተቀምጦ እያየኝ የበሩን ቁልፍ መቀየር ማለት ነው፤ አዲሱንም ቃል በጻፍኩበት ቅጽበት ሊወስደው ይችላል። ሁለተኛው፣ በፀረ-ቫይረሱ ፈጣን ፍተሻ አካሂጄ «ምንም ስጋት አልተገኘም» የሚል መልስ ስላገኘሁ አንድ ቀን ሙሉ ተዘናግቼ መቀመጤ ነው። ፀረ-ቫይረስ አንድን ፋይል የሚለየው በአብዛኛው ከዚህ በፊት ከታዩት ጋር በማመሳሰል ወይም በጠባዩ በመጠርጠር ነው፤ የቫይረሱ ባለቤቶች ደግሞ መልኩን በየጊዜው እየቀያየሩ ስለሚልኩት፣ ለአዲሱ መልክ መለያው እስኪዘጋጅ ሰዓታት አንዳንዴም ቀናት ያልፋሉ። የእኔው ፀረ-ቫይረስ ያንኑ የዎርድ ሰነድ አውቆ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው በሦስተኛው ቀን ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኸ ነው። ሦስተኛው፣ የቤተሰቡ ፎቶግራፎች እንዳይጠፉ ብዬ መጠባበቂያ ቅጂዎቻችን ያሉበትን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከተያዘው ኮምፒውተር ጋር ማገናኘቴ ነው። በእንዲህ ዓይነት መንገድ ከሚገቡት ውስጥ ፋይሎችን ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ፕሮግራሞች አሉ፤ እነሱም የተገናኘውን ዲስክ ሁሉ ይቆልፋሉ። ያለኝን ብቸኛ መጠባበቂያ በራሴ እጅ ወደ አደጋው አቀረብኩት። ያልጠፋብኝ በዕድል ነው።

ትክክለኛውን ቅደም ተከተል የነገረኝ በኮምፒውተር ሥራ ላይ ያለ አንድ ዘመዴ ነው። «መጀመሪያ ከኢንተርኔት ቁረጠው፤ ሌላው ሁሉ ይደርሳል» አለኝ። የኔትዎርኩን ገመድ ነቀልኩ፣ ዋይፋዩንም አጠፋሁ። ቀጥሎም ንጹሕ በሆነ ሌላ መሣሪያ፣ ማለትም በስልኬ፣ የይለፍ ቃላቴን እንድለውጥ ነገረኝ፤ ከሁሉም በፊት የኢሜይሉን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሌሎች አገልግሎቶች የይለፍ ቃል ሲጠፋ መቀየሪያው የሚላከው ወደ ኢሜይል ስለሆነ፣ ኢሜይሉን የያዘ ሰው ቀስ በቀስ ሁሉንም ይይዛል። የይለፍ ቃሉን ከለወጥኩ በኋላም ሦስት ነገሮችን በቅንብሩ ውስጥ አየሁ። አንደኛ፣ ኢሜይሌ ከዚህ በፊት ከተከፈተባቸው መሣሪያዎች ሁሉ እንዲወጣ አደረግሁ፤ የይለፍ ቃል ቢለወጥም ቀድሞ የገባ ሰው እንደገባ ሊቆይ የሚችልበት ሁኔታ አለ። ሁለተኛ፣ መልእክቶቼን ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ወይም ከባንክ የሚመጡትን ቀጥታ ወደ መጣያ የሚወስድ ደንብ ተጽፎ እንደሆነ ፈተሽኩ። ሦስተኛ፣ የይለፍ ቃል ሲጠፋ ማስታወሻ የሚላክባቸው ስልክና ተጠባባቂ ኢሜይል የእኔው መሆናቸውን አረጋገጥኩ። ሁለተኛውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ እንዲህ ያለ ደንብ ከገባ ደግሞ ኮምፒውተሩ ጸድቶ የይለፍ ቃሉ ተለውጦም ደብዳቤዎቹ ወደ ሌባው መፍሰሳቸውን ይቀጥላሉ።

በብራውዘሩ ውስጥ «አስታውስልኝ» ብዬ ያስቀመጥኳቸው የይለፍ ቃላት 43 ነበሩ። ሁሉም እንደተሰረቁ ቆጥሬ አንድ በአንድ ለወጥኳቸው። አንድ ምሽትና ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ከነዚህ ውስጥ ስንቱ ተመሳሳይ እንደነበር ባልናገር ይሻላል።

ለሰዎች ማሳወቁ ከጽዳቱ በላይ ከበደኝ። በአድራሻ ዝርዝሬ ላይ ላለ ሰው ሁሉ፣ አለቃዬንና የልጄን አስተማሪ ጨምሮ፣ «በስሜ የመጣ ዚፕ ፋይል ካለ አትክፈቱት፤ ከከፈታችሁት ደውሉልኝ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳምና ጻፍኩ። በኢሜይል ብቻ ሳይሆን በአጭር የጽሑፍ መልእክትም ላክሁ፤ ከተያዘ ኢሜይል የሚመጣን ማስጠንቀቂያ ማን ያምናል? ሁለት ሰዎች ከፍተውት ነበር። ከእነሱ አንዱ የመፍቀጃ ቁልፉን አልተጫነም። ሌላው ተጭኖት ስለነበር እኔ ያለፍኩበትን መንገድ እሱም ሄደበት።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ ፀረ-ቫይረሱ ያገኘውን አጥፍቶ «ጸድቷል» ቢለኝም አላመንኩም። ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚካሄደውን፣ ዲፌንደር የተባለውን የዊንዶውስ ፀረ-ቫይረስ ከመስመር ውጪ ፍተሻም አካሂጃለሁ፤ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ይከፈትና ወደ 15 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ ፍተሻ ሲሆን፣ ጥቅሙ ቫይረሱ ነቅቶ መደበቅ በማይችልበት ሰዓት መፈለጉ ነው። እሱም ሌላ ነገር አላገኘም። ይሁን እንጂ የገባው ፕሮግራም ሥራ ሌሎችን ማስገባት ስለሆነ፣ ምን ምን እንዳስገባ በእርግጠኝነት የሚነግረኝ አልነበረም። ስለዚህ በዘመዴ ኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ አዘጋጅቼ፣ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ፎርማት አድርጌ እንደ አዲስ ጫንኩት። ከአሮጌው የመለስኩት ፎቶግራፎችንና ሰነዶችን ብቻ ነው፤ የፕሮግራም መጫኛዎችን አንዱንም አልመለስኩም፤ ከየባለቤቶቻቸው ድረ ገጽ እንደ አዲስ አወረድኳቸው። የቤት ኮምፒውተር ላለው ሰው ይህ ሁሉ ልፋት የተጋነነ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የባንክ ገጼን በዚያ ኮምፒውተር ላይ ስከፍት አልጠራጠርም፤ ለአንድ ቅዳሜ ድካም ጥሩ ዋጋ ነው።

ከዚህ በኋላ የጻፍኩት እንደ አዲስ በተጫነው ኮምፒውተር ላይ ያደረግኋቸውን ለውጦች ነው። አብዛኞቹ ሲጫን አብሮ በመጣው የዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ ያሉ ናቸው።

ቀድሜ ያደረግሁት የፋይል ቅጥያዎች እንዲታዩ ማድረግ ነው። ዊንዶውስ ሲጫን ከፋይል ስም በስተመጨረሻ ከነጥቡ በኋላ የሚመጡትንና የፋይሉን ዓይነት የሚናገሩትን ፊደላት ይደብቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ዎርም የኖረው በዚህ መደበቅ ነው፤ የአባሪው ስም በነጥብ ቲኤክስቲ ካበቃ በኋላ ነጥብ ቪቢኤስ የሚል ሁለተኛ ቅጥያ ነበረው። የመጨረሻው ስለሚደበቅ ሰዎች ያዩት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነበር፤ የከፈቱት ግን ፎቶግራፎቻቸውን በራሱ ቅጂ የሚተካና በአድራሻ ዝርዝራቸው ላይ ላሉት ሁሉ ራሱን የሚልክ ፕሮግራም ነው። በፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ቪው» ከሚለው ዝርዝር ሥር የፋይል ቅጥያዎችን ማሳያ አማራጭ መምረጥ ብቻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ በኢሜይል የመጣ ፋይል ስሙ በኢኤክስኢ፣ በኤስሲአር፣ በቪቢኤስ፣ በጄኤስ፣ በኤልኤንኬ ወይም በአይኤስኦ ሲያበቃ ካዩ፣ «ደረሰኝ» ቢባልም «ፎቶ» ቢባልም ደረሰኝም ፎቶም አይደለም። በዚያው አጋጣሚ የቪቢኤስና የጄኤስ ፋይሎች ሁለት ጊዜ ሲጫኑ በኖትፓድ እንዲከፈቱ አደረግሁ። ከልጆቼ አንዱ በስሕተት ቢጫነው ፕሮግራሙ በመሥራት ፈንታ እንደ ጽሑፍ ተከፍቶ ይታያል።

ማክሮዎችን ያለ ማስጠንቀቂያ ሙሉ በሙሉ ዘጋሁ። ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 ከኢንተርኔት በመጡ የኦፊስ ሰነዶች ውስጥ ያሉ ማክሮዎችን በነባሪ መዝጋት ስለጀመረ፣ በአዳዲስ ስሪቶች ላይ ያ ቢጫ መስመር በቀላሉ የሚያሳስት አይደለም። አጥቂዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ወደ አይኤስኦና ወደ ኤልኤንኬ ፋይሎች፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ደግሞ ዋንኖት ወደተባለው የማይክሮሶፍት የማስታወሻ ፕሮግራም ሰነዶች ዞሩ። የፋይሉ ዓይነት ይለወጥ እንጂ ሁሉም በመጨረሻ የሚሹት አንድ ነገር ነው፤ ተቀባዩ ማስጠንቀቂያውን አልፎ አንድ ቁልፍ እንዲጫንላቸው።

ስለ ማዘመን ብዙ ስለተባለ አላስረዝምም፤ ሆኖም ሰው ሳይጫን የሚገቡም እንደነበሩ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2001 የወጣው ኒምዳ፣ ባልተዘመነ ኮምፒውተር ላይ መልእክቱ ሲታይ ብቻ አባሪው በራሱ እንዲሠራ ያደርግ ነበር። ክፍተቱን የሚደፍነው ማስተካከያ ከወጣ ስድስት ወር ሊሞላው ነበር። ዎርምን ከተራ ቫይረስ የሚለየውም ይኸው ነው፤ ቫይረስ በሌላ ፋይል ላይ ተጣብቆ ሰው እስኪከፍተው ይጠብቃል፤ ዎርም ግን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚሄድበትን መንገድ ራሱ ይፈልጋል። ስለዚህ ዊንዶውስን፣ ብራውዘሩንና ኦፊስን በራሳቸው እንዲዘመኑ ትቻቸዋለሁ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ አሁንም በእሱ ላይ ያሉ ሰዎች ይህን አስበውበት ቢንቀሳቀሱ መልካም ነው።

የዕለት ተዕለት ሥራዬን የአስተዳዳሪነት መብት በሌለው ተራ አካውንት መሥራት ጀመርኩ፤ ልጆቹም እንዲሁ። ፕሮግራም መጫን ስንፈልግ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ይጠይቃል፣ ያንን የምናውቀው ባለቤቴና እኔ ነን። ይህ ሁሉን ነገር አይከለክልም፤ በአንድ ሰው አካውንት ውስጥ የገባ ቫይረስ የዚያን ሰው ፋይሎች አሁንም ሊጎዳ ይችላል። ነገር ግን በስሕተት የገባ ነገር ፀረ-ቫይረሱን እንዳያጠፋና መላውን ኮምፒውተር እንዳይቆጣጠር ያከብድበታል።

ፀረ-ቫይረስ አንድ ብቻ ይበቃል። ቀድሞ ሁለት ጭኜ ጥበቃው እጥፍ የሆነልኝ መስሎኝ ነበር፤ በተግባር ያተረፍኩት እርስ በርሳቸው ሲናከሱና ኮምፒውተሩ ሲያዘግም ማየት ነው። አሁን ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ዲፌንደር እጠቀማለሁ። መሥራቱን ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው አይካር የተባለውን የመሞከሪያ ፋይል መጠቀም ይችላል፤ 68 ፊደላትና ምልክቶች ያሉት፣ ምንም ጉዳት የማያደርስ፣ ፀረ-ቫይረሶች ሁሉ ግን እንደ ቫይረስ እንዲቆጥሩት የተስማሙበት ጽሑፍ ነው። እኔ ስሞክረው ለቤተሰቡ አስቀድሜ ባለመናገሬ ልጄ «ደግሞ ያዘን!» ብሎ ገመዱን ነቀለው። ቅር አላለኝም፤ ትምህርቱ ገብቶታል ማለት ነው። የሚያጠራጥር ፋይል ሲኖርም በብዙ ፀረ-ቫይረሶች በአንድ ጊዜ የሚያስመረምር ቫይረስቶታል የተባለ ድረ ገጽ አለ፤ እዚያ የሚጫን ፋይል ግን ለሌሎች ተመራማሪዎችም የሚደርስ ስለሆነ የግል ሰነድ አይጫንበትም።

መጠባበቂያ ቅጂ አሁን በሁለት ዲስኮች ላይ አለኝ፤ በየተራ በየሳምንቱ እሑድ ይገናኛሉ፣ ቅጂው ሲያልቅ ይነቀላሉ። ቁም ነገሩ መነቀላቸው ነው፤ ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ ኮምፒውተሩ ሲያዝ አብሮ ይያዛል። ፋይሎችን ከክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ ካለ ማከማቻ፣ ጋር በራሱ የሚያመሳስል አገልግሎት ብቻውን መጠባበቂያ አይሆንም፤ የተቆለፈውንም ፋይል እንደ አዲስ ለውጥ ቆጥሮ ያመሳስለዋል፤ የቀድሞውን ቅጂ የሚያስቀምጥ ካልሆነ በቀር። በየጥቂት ወራቱም ከዲስኮቹ አሥር ያህል ፋይሎችን መርጬ ሌላ ቦታ ላይ ከፍቼ አያለሁ፤ ያልተሞከረ መጠባበቂያ አለ የሚባለው እስኪፈለግ ድረስ ብቻ ነውና።

በኢሜይሉ በኩል ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አስገብቻለሁ፣ የይለፍ ቃላቱንም የይለፍ ቃል መያዣ ፕሮግራም ይዟቸዋል። የፕሮግራሙ አንድ ያልጠበቅሁት ጥቅም፣ የባንኬን ገጽ አስመስሎ የተሠራ ሐሰተኛ ገጽ ላይ ስገባ አድራሻው ስለማይመሳሰል የይለፍ ቃሉን ሳይሞላ ዝም ማለቱ ነው፤ ዓይኔ ያላየውን እሱ ያየዋል። በአሁኑ ጊዜ አባሪ ከሚልኩት ይልቅ ሊንክ የሚልኩት በዝተዋል፤ ስለዚህ በመልእክት ውስጥ ያለ ሊንክ ተጭኜ የይለፍ ቃል አልጽፍም፤ አድራሻውን ራሴ ጽፌ እገባለሁ።

ቤተሰቡን በተመለከተ ያወጣሁት ደንብ አንድ ነው፦ ያልተጠበቀ ፋይል ከመጣ፣ ላኪው የቅርብ ሰው ቢሆን እንኳ፣ በስልክ ይጠየቃል። በዚያው ኢሜይል «አንተ ነህ የላክኸው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሣጥኑ የተያዘ ከሆነ የሚመልሰው ሌባው ሊሆን ይችላል። መጠየቅ እንደ ነውር እንዳይቆጠርም፣ ተጭኖ ጥፋት የሠራ ሰው ወዲያው ከተናገረ ቁጣ እንደሌለ ተስማምተናል። እኔ ያንን ምሽት ነገሩ አጠራጥሮኝ ለባለቤቴ ብነግራት ኖሮ ኮምፒውተሩ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ባላደረ ነበር።

ደንቡ የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። ባለፈው ዓመት ሰባት ጊዜ ደውዬ ስድስቱ እውነተኞች ነበሩ፤ ከስድስቱ አንዱ ያው የቀድሞ ባልደረባዬ ነው። አሁንም ዚፕ ነው የላከልኝ፣ አሁንም የይለፍ ቃሉን እዚያው ጽፎታል። ስደውልለት ገና ሰላም ሳልለው «አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈተው» አለኝ። ዚፕ ሳያደርግ በፒዲኤፍ እንዲልክልኝ ለመንኩት። እያጉረመረመ ላከው፤ በብራውዘሩ ውስጥ ከፍቼ አነበብኩት።